የሲ. ኤስ. ሉዊስ የሕይወት ታሪክ እና ሰባተኛው መጽሐፉ



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከጓደኞቻችን የሚበዙት የነገሥታትንና የአርበኞችን ስም መረጡ። መልካም አደረጉ። እኛ ግን በቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን ተሰብስበን፣ አንድ መዝገበ ቃላት ለአምስት እየተካፈልን፣ ዓመቱን ሙሉ የአንድን ሰው መጻሕፍት ስናነብ የከረምን ተማሪዎች ስለ ሆንን ሌላ ሰው መምረጥ አልሆነልንም። የመረጥነው ሰው ጦር መርቶ ድል ያደረገ ወይም ዘውድ የጫነ አይደለም። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበረ። ነገር ግን የአንድን ዓለም ፍጥረትና ፍጻሜ በሰባት መጻሕፍት ለሕፃናት ለመተረክ የደፈረ ሰው ነው።

ይህን ሰው ወደን እንድንጽፍበት ያደረገን ምክንያት ትንሽ የሚያስቅ ነው። ስድስቱን መጻሕፍት ጨርሰን ሰባተኛውን ከመደርደሪያው ባወረድነው ጊዜ የኋለኞቹ ቅጠሎች ተገንጥለው ጠፍተው አገኘናቸው። ከእኛ በፊት ያነበበው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ታሪኩ የተቋረጠብን ንጉሡና ጥቂት ወዳጆቹ በሌሊት በአንድ በረት ደጃፍ በጠላት ተከበው ሳሉ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ያህል መጨረሻውን በግምት ስንከራከር ቆየን። አንዱ ንጉሡ ይድናል አለ፤ ሌላው ሁሉም ያልቃሉ አለ። ከመካከላችን አንዷ ብቻ አልገመተችም። እሷ በዚያው ዓመት እናቷን ቀብራ ስለ ነበር ስለ መጨረሻ ነገር መጫወት አላማራትም፤ እኛም ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ የተወለደው በአየርላንድ ደሴት፣ በቤልፋስት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ኖቬምበር 29 ቀን ነው። (ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የሆነ እንደ ሆነ ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።) ቀኑ በእኛ ሲቈጠር ኅዳር 21 ቀን 1891 ዓ.ም. ይሆናል፤ ስለዚህ ሕፃኑ የተወለደው በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ በዚያ አገር ግን ይህን የሚያስተውል ሰው አልነበረም። አባቱ አልበርት ጠበቃ፣ እናቱ ፍሎራ በሒሳብ ትምህርት የተመረቀች ብልህ ሴት ነበረች። ዋረን የሚባል በሦስት ዓመት የሚበልጠው ወንድም ነበረው። ሕፃኑ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጃክሲ የተባለ ውሻ በመኪና ተገጭቶ ስለ ሞተ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ጃክሲ ነው ብሎ አመፀ፤ በሌላ ስም ቢጠሩት አልሰማም አለ። ከዚህም የተነሣ ወዳጆቹ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ጃክ ይሉት ነበር።

ቤታቸው መጽሐፍ ያልተከመረበት ክፍል አልነበረውም። በዚያ አገር ዝናሙ ስለሚበዛ ሁለቱ ወንድማማቾች ከቤት መውጣት ሲከለከሉ ጣራ ሥር ባለው ክፍል ተቀምጠው የሚናገሩ እንስሳት የሚኖሩበትን አገር እየፈጠሩ፣ ካርታውንና የነገሥታቱን ታሪክ ይጽፉ ነበር። በቤቱ ውስጥ አያታቸው በእጁ ቀርጾ የሠራው ትልቅ የልብስ ቁም ሣጥን ነበረ። ወደ ኋላ ላይ የሚወጣው መጽሐፍ በር በእንዲህ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

በ1908 በኦገስት ወር እናቱ በካንሰር በሽታ ሞተች። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንድትድን አጥብቆ ጸልዮ ነበር፤ አልዳነችም። አባትየው በኀዘኑ ተሸንፎ ልጆቹን ማጽናናት አልቻለም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ልጁን ባሕር አሻግሮ በእንግሊዝ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደደው። የዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎችን በጭካኔ የሚገርፍ ሰው ነበረ፤ በመጨረሻም አእምሮው ታውኮ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሉዊስ ከዚህም ከዚያም ትምህርት ቤት ሲዘዋወር ቆይቶ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ የልጅነት ሃይማኖቱን ተወ። አምላክ የለም ይል ነበር፤ ደግሞም ባለመኖሩ ይቈጣው ነበር። ይህን ሁለቱን እንዴት አብሮ እንደ ቻለ እሱ ራሱ በኋላ ሲጽፍ ይገርመዋል።

ከ1914 ጀምሮ ግን ዕድሉ ተቃና። ኪርክፓትሪክ የተባሉ ሽማግሌ መምህር ቤት ተቀምጦ መማር ጀመረ። ይህን ምዕራፍ ስናነብ የጎጃም ልጆች በመሆናችን ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። ኪርክፓትሪክ አንድን ቃል በዘፈቀደ የተናገረን ሰው፣ ይህን ያልኸው በምን ማስረጃ ነው ብለው ሳያፋጥጡ የማያልፉ ሰው ነበሩ። ልጁ ባቡር ጣቢያ ላይ እንደ ተገናኙ ስለ አገሩ ገጽታ አንዲት የትሕትና ወሬ ቢያወጣ ወዲያው ተመረመረ። ቅኔ ተማሪ ጎደሎ ቤት ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ የሚደርስበትን የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሥዕል በቀላሉ ይረዳዋል። በዚያ ቤት ሉዊስ የግሪኩን ሆሜርን በየጠዋቱ በቃሉ እስኪያስብ ድረስ አጠና። መምህሩ ሃይማኖት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ኋላ ለሃይማኖት ጠበቃ የሆነውን አእምሮ የሳሉት እሳቸው ናቸው።

በ1917 ኦክስፎርድ ገባ፤ ወዲያው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠራው። ፈረንሳይ አገር በጦር ግንባር ጉድጓድ ውስጥ የገባው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ዕለት ነው። በኤፕሪል 1918 አጠገቡ የወደቀ መድፍ እሱን አቈሰለው፤ ከጎኑ የነበረውን የሻምበሉን ሳጅን ገደለው። አብሮት የሠለጠነ ፓዲ ሙር የሚባል ጓደኛው በዚያው ዓመት ሞተ። ሁለቱ ወጣቶች፣ ከእኛ አንዱ ቢሞት የቀረው የሟቹን ወላጅ ይጦራል ብለው ቃል ተገባብተው ነበር። ሉዊስ ቃሉን ጠበቀ፤ የጓደኛውን እናት ወይዘሮ ሙርን ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ በ1951 እስክትሞት ድረስ፣ ጧረ። ሴትዮዋ በስተርጅና አስቸጋሪ እንደ ነበረች ዋረን ጽፏል። ሉዊስ ግን ከጽሑፉ ላይ እየተነሣ ይታዘዛት ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በጥቂት መስመር ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ከመጻሕፍቱ ባላነሰ ሁኔታ ሰውየውን የሚያሳይ ሥራ መሰለን።

በ1925 በኦክስፎርድ የማግደለን ኮሌጅ መምህር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ከጄ. አር. አር. ቶልኪን ጋራ ተዋወቀ። ቶልኪን የካቶሊክ ክርስቲያን፣ የጥንት ቋንቋዎች ሊቅ ነበረ። ሉዊስ በ1929 አምላክ መኖሩን፣ ከብዙ እንቢታ በኋላ፣ ሳይወድ በግድ አመነ። በሴፕቴምበር 1931 አንድ ሌሊት ከቶልኪንና ዳይሰን ከተባለ ወዳጁ ጋራ በኮሌጁ የእግር መንገድ ላይ እየተዘዋወሩ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተነጋገሩ። የንግግራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በአሕዛብ ተረት ውስጥ ሞቶ ስለሚነሣ አምላክ ሲያነብ ልቡ የሚነካ ሰው፣ ያ ተረት አንድ ጊዜ በእውነት በታሪክ ቢፈጸም ስለ ምን አይቀበለውም? ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን፣ በወንድሙ ሞተር ቢስክሌት ጎን በተገጠመው ወንበር ተቀምጦ ወደ አራዊት ማቆያ ሲጓዝ፣ ሲነሣ ያላመነ ሲደርስ ያመነ ሆነ። ወደ አራዊት ማቆያ መሆኑን ልብ በሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሙ በራዲዮ ገነነ፤ ስለ ክርስትና ሃይማኖት የሰጠው ንግግር በብዙ ሺሕ ቤት ይደመጥ ነበር። በዚያው ጦርነት ምክንያት ከለንደን የሸሹ ልጆች እሱ ቤት ተጠግተው ተቀመጡ። ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ከአእምሮው ያልወጣ አንድ ሥዕል ነበረው፤ ይኸውም ግማሹ ሰው ግማሹ ፍየል የሆነ ፍጡር በበረዶ ጫካ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ ነው። አርባ ዓመት ሲሞላው ታሪኩን ልጻፈው አለ። ሲጽፍ ሳለ አንድ አንበሳ ዘሎ ገባበት፤ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ታሪኩን ሁሉ ግን ጎትቶ ወሰደው።

እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው የናርንያ መጽሐፍ በ1950 ታተመ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ እየተጨመረ ሰባተኛው በ1956 ወጣ። ሥዕሎቹን የሣለችው ፖሊን ቤይንስ ናት። ቶልኪን እነዚህን መጻሕፍት አልወደዳቸውም። የአንበሳው ስም አስላን ነው፤ በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ሲሆን ሉዊስ ያገኘው በሺሕ አንድ ሌሊት ተረት ማስታወሻ ውስጥ ነው። በአንበሳውም የይሁዳን አንበሳ ማለቱ እንደ ሆነ ራሱ ጽፏል። በዮሐንስ ራእይ ላይ የተጻፈውን፣ በገንዘባችንና በማኅተማችን ላይ ለብዙ ዘመን የነበረውን ሞዓ አንበሳን እያየ ላደገ ሕዝብ፣ ይህ ትርጓሜ አንድምታ የሚያስፈልገው አይደለም። ይሁን እንጂ ሉዊስ መጽሐፌ ምሳሌ ብቻ አይደለም ይል ነበር። ሌላ ዓለም ቢኖር፣ ያም ዓለም ቤዛ ቢያስፈልገው፣ የእግዚአብሔር ልጅ በዚያ ምን መስሎ ይገለጥ ነበር ብሎ ከመጠየቅ የተነሣ መሆኑን ደጋግሞ አስረድቷል።

ከሰባቱ አንዱ ለእኛ የተለየ ነው። በስድስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ዲጎሪ የተባለው ልጅ እናቱ ታማ ልትሞት ስትል፣ አንበሳው ከሰጠው ዛፍ ፍሬ አምጥቶ ይመግባትና ትድናለች። በ1908 ያልሆነው በመጽሐፉ ሆነ። ይህን ያነበብን ዕለት ያቺ እኅታችን መጽሐፉን ዘግታ ወጣች፤ በማግሥቱ ግን ተመልሳ ቀጣዩን ገጽ እሷው አነበበችልን።

ሰባተኛው፣ የመጨረሻው ጦርነት የሚባለው፣ በጽሑፍ ያለቀው ስድስተኛው ከማለቁ አስቀድሞ በ1953 ነው። ፍጻሜውን ከፍጥረቱ በፊት ጨረሰው ማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በማታለል ነው። ሺፍት የተባለ ዝንጀሮ በውሃ ውስጥ የአንበሳ ቆዳ ያገኛል፤ ፐዝል የተባለውን የዋህ አህያ ያለብሰውና አስላን ተመለሰ ብሎ ያስወራል። በአንበሳው ስም ዛፎቹን ያስቈርጣል፤ የሚናገሩትን እንስሳት ለካሎርመን ሰዎች ባሪያ አድርጎ ይሸጣል። የአንበሳ ቆዳ ስለ ለበሰ አህያ የሚነገረው ተረት በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሉዊስ ግን ተረቱን ወደሚያስፈራ ደረጃ አደረሰው። የመጨረሻው ንጉሥ ቲርያን ሐሰቱን ሲገልጠው ድንኮቹ ምን አሉ? አንድ ጊዜ ተታለናል፤ እንግዲህ እውነተኛውንም አናምንም አሉ። እኛ ከመጽሐፉ ሁሉ የከበደን ይህ ነው። ሐሰተኛው ያደረሰው ጉዳት ሰዎችን ማሳሳቱ ብቻ ሳይሆን፣ እውነተኛው ሲመጣ የሚቀበለው ልብ ማጥፋቱ ነው። ድንኮቹ በመጨረሻ በብርሃን መካከል ተቀምጠው ጨለማ ነው ይላሉ፤ ግብዣ ቀርቦላቸው ገለባ በላን ይላሉ።

እንግዲህ የእኛ መጽሐፍ ያለቀው በበረቱ ደጃፍ ነው ብለናል። አንድ መምህራችን ከከተማ ሌላ ቅጂ ተውሰው ባመጡልን ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተቀምጠን ፀሐይ እስክትጠልቅ በየተራ ጮኸን አነበብነው። ንጉሡ ይድናል ያለው ተሸነፈ፤ ሁሉም ያልቃሉ ያለውም ተሸነፈ። በበረቱ በር የገቡት ሁሉ ጨለማ ሲጠብቁ ሰፊ ሰማይና አረንጓዴ አገር አገኙ። አንበሳው በበሩ ቆሞ የናርንያን ዓለም ይዘጋል፤ ከዋክብት ይወርዳሉ፤ ፍጥረት ሁሉ በፊቱ ያልፋል፤ ባሕር ምድሩን ይሸፍናል፤ ፀሐይ ትጠፋለች። ሉሲ ታለቅሳለች፤ ሌሎቹም ያለቅሳሉ፤ የሚከለክላቸው የለም። ሉዊስ ተስፋውን የሰጠው ልቅሶውን ካስለቀሰ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ በገቡ ቍጥር አገሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ የቀድሞው ናርንያ የዚህኛው ጥላ ብቻ እንደ ነበረ ያውቃሉ፤ በየመጽሐፉ የሞቱት ሁሉ በአትክልቱ በር ላይ ይቀበሏቸዋል። ልጆቹም በዚህኛው ዓለም በባቡር አደጋ ሞተው እንደ ነበር የሚነገራቸው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዜናው የሚያስደነግጥ አልሆነም።

በዚህ ፍጻሜ ረካን። ሆኖም በሁለት ነገር ተከራክረናል፤ ክርክሩንም አንደብቅም። አንደኛው፣ የካሎርመን ሰዎች መልካቸው የጠቆረ፣ ጥምጥም የሚጠመጥሙ ሆነው መሣላቸው እኛን አፍሪካውያንን አላስደሰተንም። እርግጥ ከእነሱ ወገን ኤሜት የተባለው ወጣት መኰንን፣ በሌላ አምላክ ስም ቢሆንም እውነትን በቅን ልብ ስለ ፈለገ፣ አንበሳው ይቀበለዋል። ስሙ በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው፤ ከግእዙ አማን ጋራ በሥር ይገናኛል። ይህ ቅሬታችንን አቀለለው እንጂ አላጠፋውም። ሁለተኛው የሱዛን ነገር ነው። ከአራቱ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች እሷ ብቻ በፍጻሜው የለችም፤ ናርንያን የልጅነት ጨዋታ ነው ብላ በጌጥና በግብዣ ተጠምዳለች። ሴቶቹ ተማሪዎች፣ ከንፈር መቀባት ከመንግሥተ ሰማያት ያስወጣል ወይ ብለው ተቈጡ። ሉዊስ ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ግን፣ ሱዛን በዚህ ዓለም በሕይወት እንደ ቀረችና በራሷ መንገድ ልትደርስ እንደምትችል ገልጿል። እሱ ለሚጽፉለት ልጆች ሁሉ በእጁ የሚመልስ ሰው ነበር። እኛም ደብዳቤውን ከመጽሐፉ መልስ የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ሉዊስ በ1942 ስለ ሚልተን ታላቅ የገነት ግጥም መቅድም የሚሆን መጽሐፍ አሳትሟል። ያ የሚልተን ግጥም ኤደንን ሲገልጥ፣ አንዳንዶች ገነት ነው ብለው የሚያስቡትን፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን፣ በዓባይ ራስ ያለውን የአማራ ተራራ ያነሣል። ሚልተን የወሎዋን ግሼንን ከእኛዋ ግሽ ዓባይ ጋራ ማደባለቁ ግልጽ ነው፤ ስለ ሩቅ አገር በወሬ ለጻፈ ሰው ይቅር እንለዋለን። ነገር ግን የኦክስፎርድ ተማሪዎች ገነትን ሲያጠኑ በሰከላ ምድር የሚፈልቀውን ምንጭ በሩቁ ይነኩት ነበር ማለት ነው። አባቶቻችንም ምንጩን ግዮን ይሉታል፤ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ተይዘው ሲሄዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ከእስራት ሲመለሱ ሳይረጥቡ እንደ ተቀበሉ በገድላቸው ይነገራል። የእኛም መጻሕፍት ሰባት ናቸው፤ የሰባተኛው መጨረሻ ግን ውሃ ሳይነካው ጠፋ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ለልጆች ሞት የዕረፍት ቀን መጀመሪያ ነው ብሎ የጻፈው ሰው፣ የጻፈው ነገር ብዙም ሳይቆይ በራሱ ላይ ተፈተነ። በ1956 ኤፕሪል ጆይ ዴቪድማን የተባለችውን አሜሪካዊት ባለ ቅኔ፣ በእንግሊዝ አገር ከሁለት ልጆቿ ጋራ መኖር እንድትችል ብሎ በማዘጋጃ ቤት አገባት። ሰባተኛው መጽሐፍ በሴፕቴምበር ወጣ። በኦክቶበር እግሯ ተሰበረ፤ ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ የእናቱ በሽታ። በማርች 1957 በሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ በቄስ ተጋቡ። በዚያው ዓመት ሰባተኛው መጽሐፍ የካርኔጊ ሜዳልያ ተሸለመ። ሴትዮዋም ሳይታሰብ አገገመች፤ ሁለቱ አብረው ግሪክ አገር እስኪሄዱ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን በጁላይ 1960 ሞተች።

ሉዊስ ያን ጊዜ የጻፈው ማስታወሻ በ1961 በሐሰት ስም ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ያለው ሰው በራዲዮ የሚያስረዳው ሊቅ አይደለም። በሩን አንኳኩቶ ከውስጥ ሲቀረቀርበት የሰማ ሰው ነው፤ እግዚአብሔርን ይቈጣል፤ ይጠይቃል፤ ቀስ በቀስም ይረጋል። ከሰባተኛው መጽሐፍ በኋላ ይህን ማንበብ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን፤ የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላልና።

ሉዊስ ራሱ በኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዓርብ ማታ በቤቱ ዐረፈ። ስድሳ አምስት ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በእኛ ቀኑ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል፣ በየደጁ ጢስ የሚጤስበት ኅዳር ሲታጠን ነበረ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመገደላቸው የዓለም ጋዜጣና ራዲዮ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለቀብሩ ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። የመምህሩን ሞት ያስተዋለ ጥቂት ነው። መቃብሩ በኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን ቋሪ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ዋረን በድንጋዩ ላይ ያስቀረጸው ቃል እናታቸው በሞተችበት ዕለት በአባታቸው ቤት የቀን መቍጠሪያ ቅጠል ላይ የነበረውን ነው፤ ዐምሳ አምስት ዓመት ሙሉ አልረሳውም። ዋረንም በ1973 ሞቶ ከወንድሙ ጋራ ተቀበረ። በ2013፣ በዐምሳኛ ዓመቱ፣ በለንደን ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በባለ ቅኔዎች ማዕዘን መታሰቢያ ድንጋይ ተደርጎለታል።

የተዋስነውን ቅጂ ከመመለሳችን በፊት የጎደሉትን ቅጠሎች ተካፍለን በእጃችን ገለበጥናቸው። አብዛኛውን የጻፈችው ያቺ እኅታችን ናት፤ የሉሲን ልቅሶ የያዘውን ገጽ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች። የአንደኛችን አያት የብራና መጻሕፍት ይደጉሱ ስለ ነበር፣ ቅጠሎቹን በድሮው አሰፋፍ ከመጽሐፉ ጋራ ሰፉልን። መጽሐፉ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ከበሩ በስተ ግራ በሁለተኛው መደርደሪያ ይገኛል። ስለ ድንኮቹ የሚናገረው ገጽ ላይ ቀለም ፈስሷል፤ ቢሆንም ይነበባል።